የጓዳ ግሶች

ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ጋሽ ግሱ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፊት ለፊት ግን ቲቸር ነኝ። ስሙን ያወጣችልኝ አንዲት ፋርማሲስት ናት፤ አራት ወር አስተምሬያት ሳታልፍ ቀርታ ተበሳጭታ ሄደች፤ ስሙ ግን እዚሁ ቀረ። አልከፋኝም። ሰው በሚሠራው ሥራ ቢጠራ ምን ነውር አለው? እኔ የማስተምረው ግስ ነው። ማዳመጡን፣ ማንበቡን፣ ንግግሩን ሌሎች ያስተምሩ። ባሕር ማዶ ሄጄ እሠራለሁ፣ እማራለሁ የሚል ሰው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ይቀመጣል፤ ብዙው የሚወድቀው ጽሑፉ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ላይ የሚጥለው ደግሞ ግስ ነው። ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ስናገር ስለኖርኩ አሁን እኔም አምኜዋለሁ።

ክፍሌ ከስፌት መኪና ጠጋኝ ሱቅ በላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። ዴስኮቹን ያመጣኋቸው ከተዘጋ መዋዕለ ሕፃናት ነው። መሐንዲስ፣ ኦዲተር፣ ሐኪም እነዚያ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ሥር ይመጣል። መጀመሪያ የወሰድኳቸው ሌላ ስላጣሁ ነበር፤ እያደር ግን ወደድኳቸው። ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ሰው ብዙ አይከራከርም።

ግድግዳው ላይ ሁለት ዝርዝር ተለጥፏል። በግራ በኩል የጓዳ ግሶች የምላቸው አሉ፤ ጊቭ፣ ጌት፣ ሾው፣ ሄልፕ፣ ሜክ፣ ሴይ፣ ሌሎችም ሠላሳ የሚሆኑ ወገኖቻቸው። ሕፃን ልጅ የሚያውቃቸው ናቸው፤ እንግዳ ፊት አይቀርቡም። በቀኝ በኩል የአደባባይ ግሶች አሉ፤ ዲመንስትሬት፣ ፋሲሊቴት፣ ሳብስታንሺየት፣ ኢሉሲዴት እያሉ እስከ መቶ አርባ ይደርሳሉ። ክፍሌ ውስጥ «ሾው» ያለ ሰው ከዴስኩ ይነሳል። «ዲመንስትሬት»ን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ሦስት ጊዜ አጥርቶ እስኪለው ድረስ አይቀመጥም። አንድ የጥርስ ሐኪም አርባ ደቂቃ አቁሜ አውቃለሁ። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ላብ በላብ ሆነ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ከግሶቹም በላይ ግን ሀብቴ ሃዲዶቹ ናቸው። ሃዲድ የምለው አስቀድሞ የተጻፈ ድርሰት ነው፤ አራት አንቀጽ፣ ሃያ አራት የአደባባይ ግስ፣ እያንዳንዱ በቦታው የተቸነከረ። ክፍት የተተወው የርዕሱ ቦታ ብቻ ነው። ጥያቄው ስለ ትራፊክ ይሁን ስለ ደን ግድ የለም፤ ተማሪው ርዕሱን ይጭናል፣ ሃዲዱ ይወስድለታል። እንዲህ ያሉ ሰባት አሉኝ። ተማሪው በገዛ እጁ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ በቃሉ ይይዛል፣ ለማንም አያሳይም። በአንድ ቀን ለሚፈተኑ ሁለት ሰዎች ደግሞ አንድ ሃዲድ አልሰጥም። አራሚዎቹ ሞኞች አይደሉም፤ ሁለት አንድ ዓይነት ወረቀት ካገኙ ሁለቱንም ይሰርዛሉ። ለዚህ ብዬ መዝገብ ይዣለሁ፤ የትኛው ሃዲድ ለማን፣ ለየትኛው ቀን። በዚህ ቀልድ አላውቅም። እኔ ክፍል ያለቀሰ ሰው ብዙ ነው፤ በሃዲድ የተበደለ ግን አንድም አልነበረም። ጥርስ የነከሱብኝ ተማሪዎች እንኳ ይህን ይመሰክሩልኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፤ ከእንግዲህ ምን ይመጣብኛል። እኔ ራሴ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። በጽሑፍ ሦስቴም ያገኘሁት ስድስት ነው፤ ከዘጠኝ ስድስት። ሦስቱ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ተማሪ ከጠየቀኝ «ስምንት» እላለሁ። አፌን ሞልቼ ስለምናገረው ነው መሰል፣ የተጠራጠረኝ ሰው አልነበረም።

ሲስተር የመጣችው ከሆስፒታል እንደወጣች፣ የደንብ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ነው። አዋላጅ ነርስ ናት። ወደ አርባ ይጠጋታል። ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሌላ ሰው ሲናገር ደግሞ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዐይን ዐይኑን እያየች ትሰማለች። የሕፃናቱ ዴስክ ላይ ሳታጉረመርም ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ የቀረኝ ግማሽ ነጥብ ነው» አለችኝ።

ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም በጽሑፍ ስድስት ተኩል አግኝታለች። የሚፈለገው ሰባት ነው። የዚያች ግማሽ ነጥብ ነገር ደግሞ የልጇ ነገር ነው። አንዲት ልጇ በአራት ዓመቷ ለልብ ሕክምና ባሕር ማዶ፣ አክስቷ ዘንድ ተላከች። ሕክምናው ተሳካ፤ በመካከሉ አባትየው ሞተ፤ ልጅቷም እዚያው ቀረች። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእናቷ ቋንቋ ጠፍቶባታል፤ በስልክ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። እዚያው ያለ አንድ ሆስፒታል ሲስተርን ለመቅጠር ደብዳቤ ጽፎላታል፤ ሰባቱን በሦስት ወር ውስጥ ካላመጣች ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። አክስትየዋም እናትየው እስከዚያ ካልደረሰች ልጅቷን ልጇ አድርጋ በራሷ ስም ልታስመዘግብ ወረቀቱን ጨርሳለች።

«ክፉ ሆና አይደለም» አለች ሲስተር። «ልጅቷ እናቷ ማን እንደሆነች ቁርጡን ትወቅ ብላ ነው። አልፈርድባትም።»

እንደ ማንኛውም አዲስ ተማሪ ድርሰት አጻፍኳት። ርዕሱ ቴክኖሎጂ ሰውን ጠቅሟል ወይስ ጎድቷል የሚል ነበር። እሷ መብራት በጠፋበት ቀን ስላዋለደቻት ሴት ጻፈች። ማሽኑ ሲጠፋ ጆሮዋን እናትየዋ ሆድ ላይ ለጥፋ የፅንሱን ልብ እንዳዳመጠች፤ ማሽኑ ቢኖር ኖሮ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደማትንቀጠቀጥ፤ ማሽን ግን ምጥ የያዛትን ሴት እጅ እንደማይዝ። ግሶቿ በሙሉ የጓዳ ናቸው። ሰማሁ ትላለች፣ ያዝኩ ትላለች፣ ጠበቅሁ ትላለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት የጎደለ አንድ ነጠላ ሰረዝ ነው። መደምደሚያው ብቻ አልነበረውም፤ ሰዓቱ አልቆባት ነው።

ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ይህች ሴት ግስ አይቸግራትም። ሁለቱንም ጊዜ ግማሽ ነጥብ ያጎደላት ሰዓቱ እያለቀባት መደምደሚያ አለመጻፏ ነው። «ሰዓት ፊትሽ አስቀምጠሽ ተለማመጂ» ብዬ በሁለት ሳምንት ልሸኛት እችል ነበር። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ጽፌ አላውቅም። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። በአንድ አዋላጅ ነርስ እጅ ጽሑፍ።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና ግሶቿን አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። ስጨርስ ወረቀቱ በግ የታረደበት ቦታ መሰለ።

«ይሄ ፈተና ነው ወይስ የጎረቤት ወሬ?» አልኳት ሁሉም እየሰማ። «ነጥብሽን የበሉብሽ እነዚህ ናቸው።»

ወረቀቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እኔ ደግሞ ግልጽ ከሆነ ይበቃል ብዬ» አለችና ከራሷ ጋር እንደሚስቅ ሰው ትንሽ ሳቀች። «ሞኝ ነኝ ለካ።»

ሰው ሲሰበር ቶሎ የሚሰበረው ትሑቱ ነው። ኩሩውን ሰው ወራት ይፈጅብኛል። ለሲስተር ሦስት ሳምንት በቃኝ። ከፈረቃዋ ስትወጣ እግሯ አብጦ ነው የምትመጣው፤ የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ይታያል። አንድ «ጊቭ» ካመለጣት አስነሳታለሁ። ከኋላዋ የሚቀመጠው የከባድ መኪና ሾፌር «ሲስተር፣ ዛሬም የቆመ ወንበር ነው የደረሰዎት?» እያለ ያስቃል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስምንት ወር እዚሁ ተቀምጦ መቶ አርባውን ግስ ሲያሳድድ የኖረ፣ እሱ ያልሆነ ሰው ሲቆም ደስ የሚለው ዓይነት ነው። እሷም አብራ ትስቃለች።

ግሶቹን ሥራ ቦታም መያዝ ጀመረች። አንድ ቀን ራሷ አወራችን። ምጥ ላይ ያለች ሴት አጠገብ ቆማ «ሳብስታንሺየት፣ ሳብስታንሺየት» ስትል ሴትየዋ ጣሯን አቁማ፣ «ሲስተር፣ ምን ዓይነት ጸሎት ነው የሚያደርሱልኝ? ልሞት ነው እንዴ?» አለቻት። «ለፈተና ነው እናቴ፤ አንቺ ግፊ» አልኳት አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን እንኳ ወድጃት ነበር ማለት ይቻላል።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው ነገር የተበላሸው። የዕለቱ ርዕስ፣ ሆስፒታሎች ጠያቂ ዘመድ ቀኑን ሙሉ ማስገባት አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚል ነበር። ሲስተር እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ በጽሑፍ ስንት ነበር ያመጡት?»

«ስምንት።»

«አቤት! ታዲያ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ቢያሳዩን? እኔ ከሰው እጅ ሳይ ነው ሥራ የሚገባኝ። ማዋለድም የተማርኩት እንደዚያ ነው።»

ተንኮል አልነበራትም። ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ሌሎቹም «አዎ ቲቸር፣ አዎ» አሉ፤ ሾፌሩ ዴስኩን ደበደበ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ማርከሩን አነሳሁና ከሃዲዶቼ አንዱን ሰሌዳው ላይ አነጠፍኩት። እጄ ያውቀዋል። አራት አንቀጽ፣ ሃያ አራት ግስ፣ በሃያ ስምንት ደቂቃ። ዞር ስል ሁሉም አፉን ከፍቶ ያያል። ሲስተር ግን ግንባሯን ቋጥራ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች።

«ቲቸር» አለች በመጨረሻ፤ «ሁለተኛው አንቀጽ አልገባኝም። ምን ለማለት ነው?»

«ደግመሽ አንብቢው።»

ጮክ ብላ አነበበችው። ያነበበችበት ድምፅ ነው የገደለኝ። እያንዳንዱን ቃል አጥርታ፣ ጊዜ ሰጥታ፣ ለሰው እንደምታስረዳ አድርጋ አነበበችው። እኔው የጻፍኩት ነገር በእሷ አፍ ሲነገር ውስጡ ባዶ መሆኑ ለእኔም ተሰማኝ። ጉዳዩ ልዩ ልዩ ገጽታዎችን እንደሚያካትት፣ ገጽታዎቹም ጉዳዩን እንደሚያብራሩ የሚል ነው፤ ሌላ የለውም።

«እሺ» አለች ጨርሳ፤ «ታዲያ ዘመድ ይግባ ነው ወይስ አይግባ?»

ሾፌሩ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው ነበር፤ ቀጥሎ ራሱን መቆጣጠር አቃተውና ዴስኩ ላይ ተደፋ። ኦዲተሩ ተከተለው። ስድስት ወር አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ሳቁ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ሲስተር ደንግጣ፣ «አትሳቁ እንጂ! እኔ ነኝ ያልገባኝ» ትላቸዋለች። ያ ደግሞ የባሰ አሳቃቸው።

ሰሌዳውን አጠፋሁ። አልተቆጣሁም። በሚቀጥለው ቀን ያብጠለጥለኛል ብላ የፈራች ሲስተር ይቅርታ ልትጠይቀኝ ቀድማ መጣች፤ እኔም «ምን አጠፋሽ» ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አላቆምኳትም። ቂም የያዝኩበትን ሰው አላቆምም።

ለሲስተር ሃዲድ የምሰጥበት ሳምንት ደረሰ። እሷ በምትፈተንበት ቀን የሚፈተኑት ከእኔ ዘንድ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሲስተርና ሾፌሩ። ሾፌሩ አራተኛውን ሃዲድ ከያዘ ሁለት ወር አልፎታል፤ መኪናውን እየነዳ ይወጣዋል። ለሲስተር ስድስት ሌሎች ነበሩልኝ። ደብተሯን ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ አራተኛውን አወጣሁና ፊቷ አስቀመጥኩት። እየገለበጠች ሳለ መዝገቤን ከፈትኩ። ከስሟ ትይዩ «ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ እዚያ መዝገብ ላይ የጻፍኩት ውሸት ያ ብቻ ነው።

እስካሁን ያለውን ተናድዶ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። የሚቀጥለውን ግን ማንም በንዴት አያመካኝልኝም።

ለፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ሲስተር ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። ሌሎቹ ሄደዋል፤ ከታች የስፌት መኪናዎቹ ሲፈተሹ ይሰማል። በአንድ ርዕስ ሁለት ድርሰት ጽፋለች፤ አንዱን በሃዲዱ፣ አንዱን በራሷ። የራሷን የጻፈችው ሰዓት ፊቷ አስቀምጣ ነው፤ ማንም ሳይነግራት ራሷ ደርሳበታለች። መደምደሚያም አለው።

«ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ። «ሃዲዱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን የራሴን ስጽፍ እጄ ይፈታል። የመጨረሻ ዕድሌ ስለሆነ ፈራሁ። በየትኛው ልግባ? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።»

የራሷን አነበብኩት። ስምንት ነው። ስድስት ብቻ የሚያውቅ ሰው ስምንትን ሲያይ አይሳሳትም። «በራስሽ ግቢ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው፤ አራተኛው ሃዲድም መዝገቡም ውሃ ይበላቸው ነበር። ቃሏ እስከ ምላሴ ጫፍ መጣች። ከዚያ የሾፌሩ ሳቅ ትዝ አለኝ።

«በዚህኛውማ ሁለት ጊዜ ወድቀሽበታል» አልኳት። «ልጅሽን ማየት ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

አንገቷን ደፋች። የራሷን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ልክ ነዎት» አለች።

ከፈተናው ስትወጣ ደወለችልኝ። የመጣው ርዕስ ልጅን በዋናነት የሚያሳድገው ማን ነው፣ ቤተሰብ ወይስ ትምህርት ቤት የሚል ነበር። «ቲቸር፣ ስንት የምለው ነገር ነበረኝ መሰለዎት! ስለ ልጄ ብቻ አንድ ደብተር እሞላ ነበር» አለች እየሳቀች። «ግን እርስዎን አሰብኩና ምላሴን ዋጥኩ። ከሃዲዱ አንድም ግስ አላጓደልኩም። ሃያ አራቱንም።»

«ጎበዝ» አልኳት።

ውጤቱ በሁለት ሳምንቱ ወጣ። የሁለቱም ተሰርዟል። ጽሑፋቸው ከሌላ ተፈታኝ ጽሑፍ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ በመገኘቱ፣ ይላል ደብዳቤው፤ ለአንድ ዓመት መፈተን አይችሉም። የሲስተር ሦስት ወር ሊያልቅ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ሾፌሩ ነው። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። «ቲቸር፣ እኔ ከማንም አልገለበጥኩም፤ ልጆቼን ይንሳኝ!» አለ።

«ማን ነበር አጠገብህ?»

«ሲስተር። ፊት ለፊቴ፣ አንድ ረድፍ ወደ ግራ።»

ሌላ አስተማሪ ቢሆን ሾፌሩ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። እኔን ግን አልጠየቀኝም። ለሁለት ሰው አንድ ሃዲድ እንደማልሰጥ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ያም ሆኖ መዝገቡን ከፍቼ አሳየሁት፤ አንተ አራት፣ እሷ ሁለት። ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ አየው።

«ዞር ብላ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አንዴ እስክሪብቶ ወድቆባት ዞር ብላ ነበር። እኔማ ለማንሳት መስሎኝ!» ከዚያ የስድብ ዓይነት አወረደባት። ሲወጣ ደረጃው ላይ ለኦዲተሩ ሲነግረው ሰማሁ። እስከ ማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ሲስተር ኮራጅ መሆኗን አወቀ።

ሲስተር የመጣችው በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። የደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ፊቷ በሦስት ቀን ውስጥ አሥር ዓመት ጨምሯል። ደብዳቤውን አላሳየችኝም፤ መዝገብም አልጠየቀችኝም።

«ይቅር ይበሉኝ ቲቸር» አለች።

ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

«ወረቀቴን መሸፈን ነበረብኝ። ከኋላዬ እንደተቀመጠ እያወቅሁ አልሸፈንኩም። ሾፌሩ አይቶ ጽፎታል፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። የሃያ ዓመት ስምዎን አበላሸሁብዎት።»

«ያጋጥማል» አልኳት። «ይቅር ብዬሻለሁ።»

እንዲህ ነው ያልኳት፤ አፌን ሞልቼ።

ከዚያ የቀረውን ነገረችኝ። ሆስፒታሉ ለአንድ ዓመት መፈተን እንደማትችል ሲያውቅ ቀኑ ሳይደርስ ቦታውን ለሌላ ሰጥቷል። አክስትየዋን ደግሞ ጊዜ እንድትጨምርላት ልትለምናት፣ ምንም ሳትደብቅ ደብዳቤውን ላከችላት። አክስትየዋ አንብባ፣ «በልጁ ጉዳይ ለሚኮርጅ ሰው ልጅ አላስረክብም» አለቻት። ለልጅቷም ነገረቻት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ የእናቷን ስልክ የምታነሳው ስትገደድ ብቻ ነው፤ ስታነሳም ዝም ትላለች።

«መሄዱን ትቼዋለሁ» አለች ሲስተር። «በአክስቷ ስምም ትመዝገብ፤ እሺ። ግን ልጄ እናቴ ሌባ ናት ብላ እንድታድግ አልፈልግም። እኔ ብነግራት አታምነኝም። እርስዎ አስተማሪዬ ነዎት። አንድ ቃል ይበሉልኝ። እናትሽ አልኮረጀችም፣ ብቻ።»

ስልኩን ደውላ ሰጠችኝ። እሷ አጠገቤ ካለች ልጅቷ ለመናገር እንዳትፈራ ብላ በሩን ዘግታ ወደ ደረጃው ወጣች። በበሩ መስተዋት ጀርባዋ ይታየኛል።

«ሄሎ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የእናቷ ነው፤ አነጋገሯም የእናቷ፤ ቀላል፣ ጥርት ያለ። የእናትሽ አስተማሪ ነኝ አልኳት በእንግሊዝኛ።

«እማዬ ኮርጃለች?»

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሃዲድ ነው። ጉዳዩ ልዩ ልዩ ገጽታዎችን እንደሚያካትት፣ ለውጤቱም አያሌ ምክንያቶች አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ተናገርኩ። ሳብስታንሺየት ያልኩ ይመስለኛል።

«ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

እንደገና ሞከርኩ። ሌላ ግስ መጣ፣ ከእሱ ኋላ ሌላ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት፣ በባዶ ክፍል ውስጥ፣ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል።

«አልገባኝም» አለች። አልተሳደበችም፤ እንደ እናቷ በትሕትና ነው ያለችው። «ይቅርታ፣ ምን እያሉ እንደሆነ አይገባኝም። ኮርጃለች ወይስ አልኮረጀችም?»

ፊቴ ሲግል ታወቀኝ። ያ ሁሉ ሰው እንደገና የሚስቅብኝ መሰለኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ከትንንሾቹ ዴስኮች በስተቀር ምንም አልነበረም። በመስተዋቱ ውስጥ ሲስተር እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትጠብቃለች።

«ኮርጃለች» አልኳት። ለዚህስ የጓዳ ግስ አላጣሁም።

የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማኛል። «እሺ፤ ገባኝ» አለችና ዘጋችው።

በሩን ከፈትኩ። ሲስተር ዘወር ብላ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። «ምን አለች ቲቸር?»

«ገባኝ አለች።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች፤ የእፎይታ ለቅሶ ነው፣ ያስታውቃል። ከዚያ ቀና ብላ እጄን ያዘችና፣ «ዕድሜ ይስጥልኝ» አለችኝ። «እኔ ብነግራት አታምንም ነበር። ከእርስዎ አፍ ስለሰማች ነው።»